የአንጃው ፎቶግራፍ

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ባለቤቱ ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ቀድሞ ምን ትሠሪ ነበር?» አሉኝ።

«ደሴ ፎቶ ቤት ነበርኩ። ሙሽሮችን ቀይ አደርግ ነበር።»

«እዚህ ሰውን እንዳለ ነው የምንተወው» አሉና ወደ ስካነሩ ወሰዱኝ።

ማዕረጋችን ቀላል ነበር። እሳቸው ባለቤትና አራሚ፣ እኔ የቀረው ሁሉ። የሰርግ ጥሪና የምግብ ቤት ሜኑ አትማለሁ፤ ለሙት ዓመት መታሰቢያ የሚመጡ የተቀደዱና ውሃ የነካቸው ፎቶዎች እጠግናለሁ። የወረቀት መቁረጫው ሁለቱም እጆች ቁልፎቹ ላይ ካልሆኑ አይወርድም። ጋሼ ታደሰ አሜሪካ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የማምነው ይሄን ማሽን ነው ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ፒላር የሚባሉ፣ ሃውቶርን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ መጡ። ስፔናዊት ናቸው። ጎረቤታችን ምግብ ቤት በልተው ሲወጡ መስኮታችን ላይ የለጠፍነውን ማስታወቂያ አይተው ነው የገቡት።

ያመጡት ፎቶ ካርቶን ላይ የተለጠፈ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው። ኮት የለበሱ አሥራ ሁለት ሰዎች ደረጃ ላይ ቆመዋል። የአንዱ ፊት በስለት ተፍቋል።

«እነዚህ ከስፔን ሊበራል ፓርቲ ተገንጥለው የወጡ ሰዎች ናቸው» አሉኝ። «ይሄ አያቴ ነው። የተፋቀው ደግሞ ወንድሙ።»

«ለምን ወጡ?»

«እውነተኞቹ ሊበራሎች እኛ ነን ብለው።»

«የቀሩትስ ምን አሉ?»

«እነሱም እንደዚያው።»

ወንድምየው ብዙም ሳይቆይ ወደ ዋናው ፓርቲ ተመልሶ ሹመት አገኘ። አያትየው ወሬውን በሰሙ ዕለት ሰንጢያቸውን አውጥተው ፊቱን ፋቁት። ሁለቱ ቤተሰቦች ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። አሁን ግን የወንድምየው የልጅ ልጅ ደብዳቤ ጽፎ፣ በሚቀጥለው ወር ከስፔን ሊመጣ ነው።

«ይሄን ፎቶ እንዲህ ሆኖ እንዴት አሳየዋለሁ?» አሉ ፒላር። እናታቸው ደብቀው ያቆዩትን፣ ወንድምየው በወጣትነቱ የተነሳውን ትንሽ ፎቶ ሰጡኝ። «ከዚህ ላይ ወስደሽ ፊቱን መልሺልኝ። መፋቁን ማንም እንዳያውቅ።»

የሥራ ትእዛዙ ላይ «የአንጃው ፎቶ፤ ፊት መመለስ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ታደሰ አነበቡት።

«ይሄን ቃል ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ከፓርቲ የተገነጠለ ቡድን አንጃ አይደል የሚባለው?»

«ራሱን አንጃ ብሎ የሚጠራ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ቃሉን በቀይ ሰርዘው «ቡድን» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ቀስ ብለው «እኛንም እንደዚያ ነበር ያሉን» አሉ። «አብረውን በአንድ ትሪ ይበሉ የነበሩ ልጆች።»

ጋሼ ታደሰ አዲስ አበባ ተማሪ ሳሉ ድርጅት ውስጥ እንደነበሩ አውቃለሁ። ድርጅቱ ለሁለት መከፈሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሥራውንም አልወደዱትም። «የተፋቀው ራሱ ታሪክ ነው። ፊት አትፍጠሪ» አሉኝ።

«ደንበኛዋ እኮ ናቸው የጠየቁት፣ ጋሼ።»

«ኦኬ፣ ሥሪው። የሱቁን ስም ግን አታትሚበት።»

አራት ቀን ፈጀብኝ። ከተፋቀው ፊት የተረፈው አንድ ጆሮና ግማሽ አገጭ ነበር። ከትንሹ ፎቶ ላይ ፊቱን ቆርጬ አስገባሁ፣ ብርሃኑን ከሌሎቹ ጋር አስማማሁ፣ ጠርዙን አለሰለስኩ። ጥሩ ሥራ ነበር። ፒላር ሲያዩት አለቀሱ፣ እኔም ኮራሁ።

በወሩ ፒላር እንግዳቸውን ይዘው መጡ። ኤንሪኬ የሚባሉ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ናቸው። ፒላር ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም፤ «አሳያት» አሏቸው።

ኤንሪኬ ከፖስታ ውስጥ ፎቶ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ያው ፎቶ ነው፤ ያው ደረጃ፣ ያው አሥራ ሁለት ሰው። ወንድምየው ደህና ነው። የፒላር አያት ፊት ግን የለም።

«እኛ ቤት ደግሞ እሱን ነው የፋቁት» አሉ ኤንሪኬ። «በመቀስ።»

ከዚያ ፒላር ሳቅ አመለጣቸው፣ ኤንሪኬም ተከተሏቸው።

እኔ አልሳቅኩም። ወንድምየውን እያየሁ ነበር። ትልቅ ጢም አለው። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ የሚስቀው እሱ ብቻ ነው፤ ከሳቁ ብዛት ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። እኔ ያስገባሁት ሰው ጢም የለውም፣ ፈተና ሊገባ የተዘጋጀ ይመስላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እንደገና ልሥራው» አልኩ። የአንዱን ከሌላው ወስጄ ሁለቱንም ፎቶዎች ሞላሁ። በግማሽ ቀን አለቀ። የሱቁን ማኅተም ጀርባው ላይ የመቱት ጋሼ ታደሰ ራሳቸው ናቸው።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ታደሰ ጋርዴና ወደሚኖር፣ ድርጅቱ ሲከፈል ከወዲያኛው ወገን ወደቀረ አንድ ሰው ስልክ ደወሉ። ሰላምታ ሳይሰጡ «ያ ስድስት ኪሎ የተነሳው ፎቶ አንተ ጋ አለ?» አሉ። አዳመጡ። «እኔንስ ፍቃችሁኛል?» ረዘም አድርገው አዳመጡና ዘጉት።

«ምን አሉዎት?»

«ያነሳኸን አንተ ነህ፤ ከየት አግኝተን እንፍቅህ አለኝ።» መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ። «ቅዳሜ ይመጣል።»

ለሥራው አዲስ የሆናችሁ፦ ፊት የጎደለው ፎቶ ሲመጣላችሁ፣ ስካነሩን ከመክፈታችሁ በፊት የተጣላው ወገን ኮፒ እንዳለው አስጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ አራት ቀን ሙሉ ያልነበረ ሰው ስሠራ ከረምኩ።