የማክሰኞ ቀጠሮ

የጫማ ቀለም ሲሸተኝ ዛሬም ቅር ይለኛል። ትናንት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ አንድ ሰውዬ ጫማውን ሲያስጠርግ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ማክሰኞ ትዝ አለኝ።

ወንድሜ ወታደር ነበር። ከግንባር ተመልሶ እናታችን ቤት የተቀመጠ ጊዜ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አካሉ ደህና ነበር፤ እንቅልፍ ግን ከዳው። በር ሲጋጭ ብድግ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። እናታችን አንኮበር ድረስ ሄዳ ጠበል አመጣችለት፤ ሳያንገራግር ጠጣ። በኋላ ሐኪም ቤት ከግንባር የተመለሱትን የምታናግር የአእምሮ ሕክምና ነርስ አለች ተባለና በየማክሰኞው መሄድ ጀመረ። ማክሰኞ ጠዋት ጢሙን ይላጫል፣ ሸሚዝ ይቀይራል፣ ጫማውን ቁጭ ብሎ ይወለውላል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ እንዲያ አይሆንም ነበር።

ልጆች ሳለን ምስጢሩ ሁሉ እኔ ጋ ነበር። ወታደር ቤት ሊገባ መሆኑን ከእናታችን በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። አሁን ለእኔ ለእህቱ «ደህና ነኝ»፣ ለነርሷ አንድ ሰዓት ሙሉ ወሬ። አትፍረድብኝ፤ አንጀቴ እርር ድብን እስኪል ቀናሁ።

አንድ ማክሰኞ አብሬው ሄድኩ። ቆንጆ ሴት ጠብቄ ነበር። በሹራብ ላይ ነጭ ጋዋን የደረበች፣ ጉንፋን የያዛት፣ የእናታችን እኩያ ሆና ተገኘች። ይሄ የባሰ አናደደኝ፤ ቆንጆ ብትሆን ምክንያት አገኝ ነበር። እነሱ ገቡ፣ እኔ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ደህና አድርጎ አይዘጋም።

«እንዴት አደርክ?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱስ ይመስገን። አንተ እንዴት አደርክ?»

ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀችው። እኔም በየጠዋቱ እንዴት አደርክ እለው ነበር፤ መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ጓዳ እገባለሁ እንጂ። «አልተኛሁም» ብሎ ጀመረላት። ድምፁ ዝቅ አለና የቀረው አመለጠኝ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። በሳምንቱ እነዋሪ ሄዶ ለቅሶ ሊደርስ ስለነበር የቀጠሮ ካርዱን ሰጥቶኝ «ቀኑን አስለውጪልኝ» አለኝ። በሐኪም ቤቱ በር ሳልገባ አልፌ፣ ገበያ ዞሬ ተመለስኩ።

«ነርሷ ተዛውራለች፤ ሌላ ሰው የለም አሉ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

አሁን ለእኔ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሦስት ማክሰኞ አለፈ። መላጨቱን ተወ፣ ምግብ ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ጣራው ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ወንድሜን አልጋ ሥር ገብቶ አገኘሁት። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እውነቱን ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር።

«አለች?» አለኝ።

«አለች።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ለእህትህ የማይነገር ለባዳ ይነገራል?» አልኩት እያለቀስኩ።

እዚያው እንደተኛ፣ «ላንቺማ አልነግርም» አለኝ። «አንቺም ካወቅሽው ከእሱ ሸሽቼ የት ቤት እገባለሁ?»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እውነቱን ለነርሷም ነገርኳት፤ አልተቆጣችኝም፤ ካርዱን ተቀብላ ሌላ ማክሰኞ ጻፈችበት። ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተመለሰ። ዛሬ ደነባ ይኖራል፣ አግብቷል። ስንገናኝ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጁ ጥርስ ሳያቋርጥ ያወራኛል። ያን ሌላውን ጠይቄው አላውቅም።

አምና ነርሷ አረፈች ተባለና ቀብሯ ላይ ተገኘን። ወንድሜ ከእኔ ርቆ ብቻውን ቆሞ ተንሰቀሰቀ። ልይዘው ሄጄ ሳልደርስበት ቆምኩ። አፈሩ ሲመለስባት እንኳ ቀናሁባት።