የዋጥኩት ቋንቋ

ሥራ ፈላጊ በሚመዘገብበት ቢሮ ጽዳት ነኝ። ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ሁለተኛ ዓመቷን ስትይዝ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ፤ እሷን ያኔ ወባ ጥሏት ነበር። መዝጋቢዋ "ምን ምን ቋንቋ ትችላለች?" አለችኝ። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አኝዋክኛ አልኩ። ኑዌርኛውን ዋጥኩት። ኑዌርኛ የሚችል ሰው ትየርኪዲ፣ የስደተኞቹ መጠለያ ይላካል ሲባል እሰማለሁ። ወደዚያ የሚወስደው የኢታንግ መንገድ ደግሞ ተኩስ አያጣውም፤ ልጄን አልልክበትም አልኩ።

አንድ ቀን ወለሉን ስወለውል መዝጋቢዋ ለመጠለያው የሚላክ አስተርጓሚ ኮምፒውተሯ ላይ ትፈልጋለች።

"እማዬ፣ ነይ እይ" አለችኝ።

አኝዋክኛ ብላ ስትጫን የስም መዓት ወረደ። ብዙ አልተማርኩም፣ የልጄን ስም ግን ከሩቅ አውቀዋለሁ። መሃል ላይ ነበረች።

"አሁን ኑዌርኛ ልጨምር። ከሁለቱ አንዱን የሚችል ካልኩት ከተማውን ሁሉ ነው የሚያመጣብኝ። ሁለቱንም የሚችል ነው የምለው።"

ተጫነች። አራት ስም ቀረ። የኔ ልጅ የለችም።

"ውይ፣ ወጣች! ኑዌርኛ ከጎረቤት እንኳ አልለቀመችም?"

"አትችልም" አልኩ።

"አንቺን ወጥታ ነዋ! በእናትሽ ጀርባ ታዝለሽ በሰፈራ መጥተሽ እስከ ዛሬ ከሰላምታ አላለፍሽም" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። መወልወያዬን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራለች፣ በኑዌርኛ፣ እየተንከተከተች። ስልኩን ዘጋችና፣

"እማ፣ ዛሬም የፈለገኝ የለም?"

"የለም።"

"እኔው ነኝ እንግዲህ የማልረባው።"

ይቺን አልቻልኳትም። ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

"መንገዱን የፈራሽው አንቺ፣ ቤት የታሰርኩት እኔ" አለች፣ ቀስ ብላ።

በማግስቱ ቢሮው ሳይሞላ ገባሁ። "ኑዌርኛ ትችላለች። ዋሽቼሽ ነው" አልኳት መዝጋቢዋን። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልሳቀችም። ቋንቋውን ጨመረችላትና ያንኑ ፍለጋ ደገመችው። አምስት ስም ወጣ። አምስተኛዋ ልጄ።

"ግን እማዬ፣ ዝርዝሩ ትናንት ወደ መጠለያው ሄዷል። ሌላ ጥያቄ ሲመጣ ስሟ ይወጣል።"

እስካሁን አልመጣም። ስልኳ ሲጠራ ያ መንገድ ዓይኔ ላይ ይመጣል፤ ሳይጠራ ሲውል ደግሞ እሷን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።