ግሡ እስኪመጣ

በቴአትር ቤቱ ሁሉም ሰው «መቀሷ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይቆርጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ካባ ስትጠግንና ቁልፍ ስትተክል ኖራለች። የድሮ ተውኔቶችን ቋንቋ ግን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። «ውኃ ለመጠየቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ፤ እስከዚያ በጥም አይሞቱም?» እያለች ታሾፍ ነበር።

እናቷ የሞተችው ባለፈው ዓመት ነው። ታላቅ ወንድሟ ሳይነግራት ቀበራት። መቀሷ በአራተኛው ቀን ከጎረቤት ሰማች። እየሮጠች ሄዳ በሩ ላይ ጮኸች፣ ተሳደበች፣ አለቀሰች። ወንድሟ «ስትረጋጊ እናወራለን» ብሎ ዘጋባት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ገና አፏን ስትከፍት እንባዋ እየቀደማት በሩ ይዘጋል። ንዴቱ ውስጥ ውስጡን አሳረራት።

አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ አንዲት ተዋናይት ታማ ቀረች። አዘጋጁ፣ ልብስ ልትለካ የመጣችውን መቀሷን አየና ጽሑፉን እጇ ላይ አኖረው።

«ዝም ብለው ያንብቡልን፤ ልምምዱ እንዳይቆም።»

ዘመዶቿ ያባረሯት ሴት ለአጎቷ የምትናገረው ነበር። መቀሷ ሁለት መስመር ሳትሄድ ተደነቃቀፈች። አጎት ሆነው ወደሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር መጨረሻ የለውም እንዴ?»

«አትቸኩዪ» አሏት። «ግሡ እስኪመጣ ትንፋሽሽን ያዢ። ሰሚውም አብሮሽ ይይዛል።»

እንደገና ጀመረች። «ከደጅህ ያራቅኸኝን፣ ስሜን ከአፍህ አውጥተህ እንደ ጥራጊ የጣልህብኝን፣ በሕይወት ሳለሁ እንደ ሌለሁ የቆጠርኸኝን እኔን፣ ዛሬ ቆመህ ስማኝ።»

አላለቀሰችም። የእሷ ንዴት ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቃል ላይ ይደፋ ነበር፤ ይኼኛው አንዲት ጠብታ ሳይፈስ መጨረሻው ደረሰ። በምሳ ሰዓት ንግግሩን የልብስ ልክ በምታወጣበት ወረቀት ላይ ገለበጠችው። ሳምንቱን ሙሉ ተውኔቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው።

በሳምንቱ አዘጋጁ ያንን ንግግር ሰረዘው። «ዛሬ ማን እንዲህ ያወራል? ‹በድለኸኛል፣ አዝኛለሁ› ትበልና ትውጣ።»

የመቀሷ ደም ፈላ። «እኔ አወራለሁ» አለችው።

«እትዬ፣ እርስዎ ስፌትዎን ይያዙ።»

«ስፌቴን ስለያዝኩማ ነው። ካባ መሃሉ ተቆርጦ ቢጣል ሸሚዝ አይሆንም። የተበላሸ ካባ ነው የሚሆነው።»

ተዋናዮቹ ሳቁ። አዘጋጁ ግን አልሳቀም፤ ንግግሩም እንደተሰረዘ ቀረ።

መቀሷ መርፌዋን ሰክታ፣ በዚያው ንዴቷ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩን ራሱ ከፈተ፤ እጁን ግን ከመዝጊያው አላነሳም።

«ወንድምዓለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተንም እኔንም በአንድ ጀርባ ያዘለችውን እናቴን፣ እኔ ሁለት ፌርማታ ርቄ እየኖርኩ፣ ስልኬን በቃልህ እያወቅህ፣ አፈር ሲመለስባት እንዳላይ ከለከልኸኝ።»

እስክትጨርስ ጠበቃት። በሩን አልዘጋም።

«ሰው ፊት ትጮኺያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለ።

«ብጮህስ? እናቴ አይደለችም?»

አንገቱን ደፋ። በማግስቱ መቃብሩን አሳያት። አጠገቡ ቆማ አለቀሰች፤ ይቅር ግን አላለችውም። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ለየብቻ ተቀመጡ።

ቴአትሩ ያለዚያ ንግግር ታየ። አንጋፋው ተዋናይ አሁን የድሮ ተውኔቶችን ከቤታቸው እያመጡ ያውሷታል። በምሳ ሰዓት የክፍሏን በር ከፍታ ጮክ ብላ ታነባለች። አዘጋጁ በኮሪደሩ ሲያልፍ ካየችው ድምጿን ይበልጥ ከፍ ታደርጋለች።