ከካርቱም ጎንደር፣ አንድ ሰዓት ብቻ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር

ሻንጣዬን አምጃድ ታክሲ ላይ ስጭን ሰፈሩ ገና አልነቃም፤ የፉል ሻጩ ድስት ብቻ ይጨሳል። እዚህ ሰፈር አስራ አንድ ዓመት ሙከይፍ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ በየጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እናቴን አላየሁም። «መቼ ነው የምትመጣ?» ባለችኝ ቁጥር መልሴ አንድ ነበር፦ «ሩቅ ነው እኮ እማዬ።» መጀመሪያ ላይ እውነትም ኢቃማ አልነበረኝም። የመኖሪያ ወረቀቱ ከወጣልኝ በኋላ ግን ባዶ እጄን መግባት አሳፍሮኝ ነው የቀረሁት።

ሾፌሩ ዓም እድሪስ፣ አጎት እድሪስ እንደማለት ነው፣ ሽማግሌ ሱዳናዊ ናቸው። «አገርህ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አሉኝ በአረብኛ።

«አንድ ሰዓት።»

«ወላሂ? ድልድዩ ሲጨናነቅ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን እንኳ ከዚያ ይበልጣል።»

አንድ ሰዓት ያልኩት ከስልኬ አግኝቼ ነው። ባለፈው ወር የሁለቱን ኤርፖርቶች ስም ጽፌ ስፈልግ «ስድስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ገደማ በረራ» አለኝ። እዚያው ደውዬ እናቴን አበሰርኳት። ቲኬት ልቆርጥ ስሄድ ነው ጉዴ የታወቀኝ፤ ቀጥታ የሚበር የለም። አዲስ አበባ ወርዶ፣ ጠብቆ፣ ወደ ሰሜን መመለስ ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለዓም እድሪስም እንዲሁ። «ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ» ብቻ አልኳት። ቁጭ ብላ ያችን አንድ ሰዓት ትደምርበታለች ብዬ መቼ አስቤ።

ሁለት ሰዓት አልፎ፣ ሰማይ ላይ

አጠገቤ የተቀመጡት የኦምዱርማን ቅመም ነጋዴ፣ የእኛው አገር ሰው ናቸው። በግራ በኩል በሩቅ የሚያብለጨልጭ ነገር አሳዩኝ።

«ጣና ነው።»

«ጎንደርስ ጋሼ?»

«እዚያው ወዲያ ነዋ። እናልፈዋለን፣ አንተ ደግሞ ትመለሳለህ።»

ሳቅሁ። ጣና ከመስኮቱ እስኪጠፋ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

የሱዳን ሲም ካርዴ እዚህ ስለማይሠራ የሰው ስልክ ለምኜ እማዬ ጋ ደወልኩ። ስልኳን ቤት ትታው ኖሮ እህቴ አበሩ አነሳችው።

«እማዬ የታለች?»

«አዘዞ ኤርፖርት ናታ። ሌሊት ነው የወጣች። ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል ብላ።»

«እህል ቀምሳለች?»

«አንተን ሳታይ? ታውቃት የለ።»

ስኳር አለባት፤ ጾሟን መዋል የለባትም። የጎንደሩ አይሮፕላን ገና ስምንት ሰዓት ነው የሚነሳው። ያዘዝኩት ማኪያቶ ፊቴ ቀዘቀዘ። ራሴን ስረግም ዋልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ አዘዞ

ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የዳቦ ቋጠሮዋ ጭኗ ላይ እንደታሰረ ነው። አስራ አንድ ዓመት አሳንሷታል። አቀፈችኝ፣ ፊቴን ዳበሰችው፣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

«ዞሮ በአዲስ አበባ ነው የሚመጣ እማዬ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልነግርሽ...»

«ዛሬ ጠዋት ነው የተነሳህ?»

«አዎ።»

«ይኸው ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስክ። ታዲያ ሩቅ ነው ስትለኝ የኖርከው ምኑን ነው?»

«አፍሬ ነው» አልኳት። «ምንም ሳልይዝ መምጣት አፍሬ።»

ሻንጣዬን ዞር ብላም አላየችው።

«ስትወለድስ ምን ይዘህ መጥተህ ነበር?»

ቋጠሮውን ፈታች። ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ስጎርስ አይታ እሷም ቀመሰች።