አርባ አንደኛዋ ቁራጭ

ኔልሶ ጊባውዶ ከምሳ በኋላ መተኛት ካቃተው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በኮሎኒያ ፊዮሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል፤ ዳቦ ቤቱ ይቆለፋል፣ ውሾቹ መኪና ሥር ይገባሉ፣ ልጆቹ ከቤት እንዳይወጡ በሙታን ይስፈራራሉ። በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚገኝ ወይ ሌባ ነው ወይ በሽተኛ። ኔልሶ ግን በርና መስኮት ሲሠራ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ጡረታ የወጣ ጨዋ አናጢ ነበር። እና በየቀኑ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን፣ ቢጫዋ አውሮፕላን ትመጣለች።

መጀመሪያ ከአኩሪ አተሩ ማሳ ማዶ እንደ ንብ ትሰማለች። ቀረብ ትላለች፤ ዝቅ ትላለች፤ ከጓደኛው ከራካ ቤት ጣሪያ በላይ ሞተሯ ይጮኻል። ከዚያ ቀና ማለት ስትጀምር፣ ልክ ስትጀምር፣ ድምፁ ቁርጥ ይላል። የስብራት ድምፅ የለም፤ የመውደቅ ድምፅ የለም። ኔልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀሪውን ይጠብቃል። ቀሪው አይመጣም።

ቢጫዋ የዳንቴ ራካ ነበረች። ዳንቴ ከየእርሻው ወተት የሚሰበስብ የቦቴ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሳቁ ከመኪናው ጥሩምባ ቀድሞ የሚሰማ። ሁለቱ ጓደኛሞች ፕላኑን ከፈረንሳይ በፖስታ አስመጥተው፣ በኔልሶ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ትንንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሠሩ። ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። እንጨቱ የኔልሶ፣ ሞተርና ብረታ ብረቱ የዳንቴ ድርሻ ነበር። የዳንቴን ቢጫ፣ የኔልሶን ነጭ ቀቧቸው።

የእንጨት አውሮፕላን ሚስማር አይደለም የሚይዘው። ሙጫ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የትም ቢሆኑ የማይሽሩት ሕግ አላቸው፤ አንድ ጣሳ ሙጫ በተበጠበጠ ቁጥር፣ ከዚያው ሙጫ ሁለት ቁርጥራጭ እንጨት አጣብቀህ ቁጥር ትጽፍበታለህ። በማግስቱ ሞርሳ፣ አጥብቆ የሚይዘው ብረት፣ ውስጥ አስገብተህ በመዶሻ ትሰብረዋለህ። እንጨቱ ራሱ ከተቀደደ ሙጫው ጥሩ ነው። እንጨቱ ደህና ሆኖ ሙጫው ከለቀቀ፣ በዚያ ሙጫ የተጣበቀውን ሁሉ አውጥተህ ትጥላለህ። ከዚያ በመዝገብ ትጽፋለህ። ይኸው ነው። ሕፃን የሚገባው ነገር ነው።

ኔልሶ በዚህ ቀልድ አያውቅም ነበር። ዳንቴ በዚህ ነበር የሚያበሽቀው።

«አንተ አናጢ፣ ሚስት ያላገባኸው ለዚህ ነው» ይለዋል። «በማግስቱ ሞርሳ ውስጥ ልትከታት!»

«አንተን ግን ቀድሜ መክተት ነበረብኝ።»

«እኔ መች እለቅቃለሁ? እኔ እኮ ተጣብቄ የቀረሁ ነኝ። ሚስቴን ኔሊዳን ጠይቃት።»

አርባ አንደኛዋ ቁራጭ የተጣበቀችው በሐምሌ ውርጭ ነው። የሁለቱም አውሮፕላኖች የክንፍ ወራጅ፣ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከመው ዋናው እንጨት፣ በአንድ ቀን ከአንድ ጣሳ ሙጫ ተጣበቀ። ያ ቀይ ሙጫ ሲደርቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ። የጋዝ ምድጃ ለኩሰው ሄዱ። ጠዋት ኔልሶ ቀድሞ ሲገባ ጋዙ አልቋል፣ ምድጃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል፣ የውሻው ውኃ በረዶ ሠርቷል።

አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ተቆጣጣሪው ከከተማ ይመጣል። በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው ነው። ወራጁ ካልታየ ዓመቱ ባከነ፤ ወራጁ ከተጣለ ደግሞ ያ ከባሕር ማዶ የመጣ እንጨት ሁሉ ማገዶ ሆነ። ኔልሶ ሌላ ሲሊንደር ገጥሞ ምድጃውን ለኮሰ። በረዶውን ደፋ። መዝገቡን አወጣና «41፤ ተሰብሯል፤ እንጨቱ ተቀደደ» ብሎ ጻፈ። ቁራጯን ኪሱ ከተታት። ነገ እሰብራታለሁ አለ።

ዳንቴ እጁን በእስትንፋሱ እያሞቀ ገባ። «አርባ አንድስ?»

«ሰብሬዋለሁ። ደህና ነው።»

ዳንቴም የራሱን መዝገብ አውጥቶ ጻፈ። ሁለቴ አልጠየቀም። ኔልሶን ሁለቴ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ከተማ አልነበረም።

ነገ የምትባለውን ቀን ሁላችንም እናውቃታለን። በማግስቱ ሥራ ነበር። በሳምንቱ ወራጁ ክንፍ ውስጥ ገባ፤ ኮምፔርሳቶው ተለበደ፣ ጨርቁ ተወጠረ፣ ቀለሙ ተቀባ። ከዚያ በኋላ ያቺን ቁራጭ መስበር እንጨት መስበር መሆኑ ቀረ።

ቢጫዋ ሁለት ዓመት በረረች። በመጋቢት አንድ እሁድ ዳንቴ ቤቱ ምሳውን በልቶ፣ በከተማው ጫፍ ወዳለው የበረራ ክበብ ሄዶ ተነሣ። እንደ ልማዱ ለኔሊዳ እጁን ሊያውለበልብ በቤቱ ላይ ዝቅ አለ። ቀና ሲል ግራ ክንፏ ታጠፈ። ኔልሶ ክበቡ ሀንጋር ውስጥ በኤሌክትሪክ ማሽን በር እያለሰለሰ ነበር። ሞተሯን በማሽኑ ጩኸት መሐል ሰማት፤ ማሽኑን ሲያጠፋ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል።

መርማሪዎች መጡ። መዝገቡን ጠየቁ። ኔልሶ ሰጣቸው። አርባ አንድ ቁጥር ላይ ጣታቸው እንኳ አልቆመም። ሁለት ገጽ ወረቀት ጻፉ፤ አብራሪው ከሚገባው በታች ዝቅ ብሎ በሯል፣ መሪውን በኃይል ስቧል። ከተማው ደግሞ የራሱን ሦስተኛ ገጽ ጨመረ፤ ጠጥቶ ነበር። የክበቡ ሊቀመንበር ቶሴሎ በየእሁዱ ጥብስ ላይ ቢላውን እያወዛወዘ ይደግመዋል። «ሁለት ብርጭቆ ወይን ጠጥቶ የሚስቱን ጣሪያ ሊስም የወረደ!» ሰው ይስቃል። ሙት መልስ አይሰጥም፤ ከሙት ይልቅ የሚመች ጥፋተኛ ከየት ይገኛል? ኔልሶም ገበታው ላይ ነበር። ዳቦውን ይቆርሳል። እኔ ነኝ አላለም። አፉ ውስጥ ዳቦ ነበረ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳቦ ነበረ።

ነጯን አንድም ቀን መልሶ አላበረራትም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ሞተሯን አስነሥቶ ያሞቃል፣ ዘይት ይቀይራል፣ አይጥ የበላውን ጨርቅ ይጥፋል፣ ጎማዋን ይነፋል። ሀንጋሩ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ዞር ስትል እንጨቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ! ይላል። ያን ጊዜ እጁ ባለበት ይቀራል። ቁራጯ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናት፤ ስልሳ ምናምን ከተሰበሩ ቁርጥራጮች መሐል አንድ ያልተሰበረች። ቆርቆሮውን ባነሣ ቁጥር የእሷን ድምፅ ለይቶ ይሰማል፤ ሙሉ ስለሆነች ድምፅዋ ወፍራም ነው።

«ምን ዓይነት ጓደኛ ነው!» ይላል ከተማው። «ለዳንቴ ፍቅር ሲል ይኸው ይንከባከባታል።»

ፍቅር! ሰው ፍርሃቱን በየሳምንቱ በጨርቅ ሲወለውል አይተው ፍቅር አሉት።

ባለፈው የካቲት ማሪሳ መጣች። የዳንቴ ልጅ ናት፤ በወተት ማኅበሩ ላብራቶሪ ወተት ትመረምራለች። አባቷ ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን የአብራሪነት ፈቃድ አውጥታለች። የማቴ ሻይዋን ይዛ ሀንጋሩ ውስጥ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ ነጯን አስበርረኝ። ለአባቴ ሙት ዓመት፣ በቤታችን ላይ አንድ ዙር ብቻ።»

«የሞተሯ ማስነሻ አርጅቷል።»

በሳምንቱ አዲስ ይዛ መጣች፤ ራሷ ገጠመችው።

«ጨርቁ ደክሟል፣ ልጄ።»

ከከተማ ጨርቅ የሚፈትን ሰው አመጣች። ጨርቁ ደህና ነው አለ።

«እኔ እንጃ፣ ማሪሳ…»

«ምኑን ነው እንጃ የምትለው? አጎቴ፣ እንደ እርጉዝ ላም ዙሪያዋን ትዞራለህ እኮ! ሴት ስለሆንኩ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ቶሴሎ ፈቃዱን ፈርሟል። እሁድ እነሣለሁ።» ማቴውን ሞልታ ሰጠችው። ሳይቀምሰው ሲመልስላት ሳቀች። «አትፍራ። አልጠጣም። የራካ ዘር ሁሉ ሰካራም አይደለም።»

ይህን በቀልድ ነው ያለችው። ግን ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

በማግስቱ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ ኔልሶ ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር አድርጎ ባዶውን መንገድ ይዞ ሄደ። ሞተሩ ገና አልመጣም። የራካን በር አንኳኳ። ኔሊዳ በሩን ከፈተች፤ እሷም አልተኛችም ነበር።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት? ሰው ሞተ?»

«ማሪሳ አለች?»

«አለች። ግባ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም።»

ወጥ ቤት ገበታው ላይ ቆርቆሮውን አስቀመጠ። ቁራጯን አወጣ። ነገራቸው። አልዘረዘረም፤ ምድጃው፣ በረዶው፣ መዝገቡ፣ «ሰብሬዋለሁ ደህና ነው» ያለው። 

ኔሊዳ ተነሥታ ከቁም ሳጥን የዳንቴን መዝገብ አመጣች። ገለጠች። በሾፌር እጅ፣ በትልልቁ ተጽፏል፤ «41። ኔልሶ ሰብሮታል። ደህና ነው።»

«እኔ» አለች ማሪሳ ቀስ ብላ፣ «አንድ ብልቃጥ ናሙና ከተበላሸ ቦቴ ሙሉ ወተት ነው የማስደፋው። ገበሬው እያለቀሰ። አንተ…»

«ስበረው» አለች ኔሊዳ።

«ኔሊዳ፣ እኔ…»

«ስበረው አልኩህ እኮ!»

በጓሮው በኩል የዳንቴ መጠገኛ ክፍል አለች፤ ሞርሳው እንደነበረ ነው። ኔልሶ ቁራጯን ሞርሳ ውስጥ አጠበቃት። መዶሻውን አነሣ። እጁ አልወርድ አለ። ያ በር ሲሠራ የኖረ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ኔሊዳ መዶሻውን ነጠቀችው።

የመጀመሪያውን ምት ሙጫው ቻለው። ቁራጯ አልተነቃነቀችም። ኔልሶ ለአንድ አፍታ ጥሩ ነበር ብሎ አሰበ፤ አምላኬ፣ ሙጫው ጥሩ ነበር። ኔሊዳ ደገመች። ቁራጯ ለሁለት ተከፍላ አንዱ ግማሽ መሬት ወደቀ። ማሪሳ አነሣችው። ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ሙጫው ቀይ፣ ልሙጥ፣ እንደ ጥንዚዛ ጀርባ የሚያብለጨልጭ ነው። አንድም የእንጨት ስንጣሪ አልያዘም።

ኔሊዳ አላለቀሰችም። በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ሁለተኛውን ብርጭቆ የቀዳሁለት እኔ ነኝ» አለች። «ይበቃኛል ብሎኝ ነበር። እሁድ ነው፣ ምን አለበት ብዬ ቀዳሁለት። ዘጠኝ ዓመት ያን ብርጭቆ ስቆጥር ነው የኖርኩት። ገባህ? በየቀኑ ምሳ ባነሣሁ ቁጥር። ባሌን ገደልኩት ብዬ።»

ኔልሶ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል! አሁን እንዳትናገር። የምትናገረው እሁድ ነው፣ ክበቡ ገበታ ላይ፣ ቶሴሎ ባለበት። እኔም እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ኔልሶና ማሪሳ ነጯን ከሀንጋር አወጧት።  ኔልሶ በመጋዝ ክንፏን ከሥሩ ቆረጠ፤ ጨርቁን ቀደደ፤ ወራጁ ሲጋለጥ ማሪሳ መሮ አስገብታ ጠመዘዘችው። እንደ ሳጥን ክዳን ተከፈተ። ስድስት ዓመት የሠሯት፣ ዘጠኝ ዓመት የወለወላት፣ እስከ ቀትር አልቆየችም።

እሁድ ገበታው ሙሉ ነበር። ጥብሱ ወጥቷል፣ ሳላሜው ተቆርጧል። ኔሊዳ ስትገባ ወሬው ሞተ፤ ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ረግጣ አታውቅም። ኔልሶ ቆመና ሁለቱን ግማሾች ዳቦው አጠገብ አስቀመጠ። ተናገረ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

ቶሴሎ ቢላውን አስቀመጠ። ሁለቱን ግማሾች አያቸው፤ አልነካቸውም።

«ቼ፣ ስማ ኔልሶ» አለ፣ «መጀመሪያ እንብላ። ይሄ አሁን ምን ይፈይዳል? የሞተ ሞቷል።»

ከወዲያ ጥግ አንዱ «እውነት ነው» አለ። ሥጋ ሊቀዘቅዝባቸው ነው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳንቴን በዚያ ገበታ ላይ ሲበሉት ያልቀዘቀዘ ሥጋ።

«ሊቀመንበር» አለች ኔሊዳ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «የዳንቴን የብርጭቆ ታሪክ አንዴ ንገረኝ። ሰው ሲያወራልኝ እንጂ ከአፍህ ሰምቼው አላውቅም።»

ቶሴሎ ገበታውን አየ። ኔሊዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወይን ቀዳች፣ ጠጣች። ጠርሙሱን እንደገና አነሣችና፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላች።

ኔልሶ እንደቆመ ነበር። ማንም ተቀመጥ አላለውም። ለዘጠኝ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሆነ። ቢጫዋን ከማሳው ማዶ እንደ ንብ ሰማት፤ ቀረበች፣ ዝቅ አለች፣ ከራካ ጣሪያ በላይ ጮኸች። ቀና ማለት ጀመረች። ቁርጥ አላለም። በዘጠኝ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሪውን ሰማው፤ እንጨቱ ሲለቅ፣ ከዚያም እስከ መሬቱ ድረስ፣ ሁሉንም።

ገበታው ላይ ማንም ቀና አላለም።