አንገተ ጠማማው ማሰሮ

ሸክላ ሠሪዋ ሳህን ፋብሪካ የገባችው በሳህን ጠርዝ ላይ ጽጌረዳ ልትስል ነበር። ጽጌረዳ፣ አሁንም ጽጌረዳ! አንድ ቀን እጅ እጅ አላትና ባርኔጣ የደፋ ዓሣ ሣለች። ኃላፊው ደሙ ፈላ። አንድ ነጋዴ ሳህኑን አይቶ «ያለው ሁሉ ይጫንልኝ» ሲል ግን ቁጣው ወዲያው በረደ፤ ለሴት ተሰጥቶ የማያውቅ የራሷ ምድጃም ተሰጣት። ከምድጃው መጀመሪያ የወጣው አንገቱ እሳት ውስጥ የተጣመመ ማሰሮ ነበር፤ ወደደችው። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! ጅራቱ እጀታ የሆነ የድመት ማንቆርቆሪያ ሠራች፤ የሆቴል ግድግዳ በሸክላ ሥዕል ሞላች። ጋዜጣ ሳይቀር አወደሳት።

ያላወደሷት እናቷ ብቻ ናቸው።

እናትየው ዕድሜያቸውን ገበያ ሲከራከሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ሻጭ ፊት ዕቃ ማድነቅ ለእሳቸው ኪስን ገልብጦ ማሳየት ነው። ልጃቸው አዲስ ሥራ ባመጣች ቁጥር በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ያዳምጡና «አልተሰነጠቀም፤ ግን ወፍራም ነው» ይላሉ። ሲሳሳ ደግሞ «ቀጭን ነው»። ማሰሮውንማ «አንገቱ ጠማማ» ብለው አልፈውታል። ልጅቷ ትስቃለች፤ ውስጧ ግን ያርራል። የጋዜጣውን ውዳሴ ሁሉ በእናቷ አንዲት «ጎሽ» በለወጠችው ነበር።

ለብቻዋ ኤግዚቢሽን ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነች ዕለት እናቷን ክንዳቸውን ይዛ አስገባች። አንድ የሆቴል ባለቤት ትልቁን ሳህን ሊገዛ እጁን ሲዘረጋ፣ እናትየው ከጎኑ ብቅ ብለው ኳ ኳ አደረጉ።

«ይሄማ ዳሩ ጎባጣ ነው።»

ሰውዬው እጁን ሰበሰበ።

ልጅቷ እናቷን ጥግ ወሰደቻቸው። «እማዬ! ዛሬ እኮ ሻጯ እኔ ነኝ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ አፌ ለምዶብኝ ነው።»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። እናትየው ደንገጥ ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩ ከዚያ ከአንገተ ጠማማው ማሰሮ ጋር ተፋጠጡ። ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል።

«ምን ይላል?»

«አይሸጥም ይላል።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

«ሚሊዮን ቢያመጡም?»

«ቢያመጡም አይሸጥም፣ እማዬ።»

እናትየው ግራ ቀኝ አዩ። ይህን አላንኳኩትም። መዳፋቸውን ጠማማው አንገት ላይ አሳርፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያማ ልናገር» አሉ። «ቤት ይዘሽው የመጣሽ ቀን ነው ዓይኔ የገባው። እንዴት ያምራል!»