በእጄ ያሸነፍኩት የትራክተር ውድድር

እንግሊዝ አገር የትራክተር ውድድር ላይ ያለ ትራክተር ገብቼ አንደኛ ወጥቻለሁ። አላመናችሁም አይደል? አልፈርድባችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ "አንተ ደግሞ!" ብዬ ነበር የማልፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክሮይደን ወጣ ብሎ አንድ ሜዳ ላይ የድሮ የእርሻ መሣሪያ ትርኢት ነበር። ትራክተሩ፣ የእህል መውቂያው፣ በእንፋሎት የሚሠራው ሞተር፣ ምን የሌለ አለ! እኔ ደግሞ ሞተር የተባለ ነገር ነፍሴ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ የምሠራባትን የሚኒካብ ታክሲ ፍሬን በእጄ የቀየርኩ ሰው ነኝ። ፍሬኑ እስከ ዛሬ ይይዛል። አንዳንዴ እንዲያውም ሳልነካውም ይይዛል።

ልጄን ይዣት ልሂድ አልኩ። ድሮ ያለ እኔ ሱቅ እንኳ አትወጣም ነበር፤ አሁን አድጋ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከጓደኞቿ ጋር ካምደን መሄድ ሆኗል ሥራዋ። የዛን ቀን ብሪክስተን ካለው ቤታችን ሳንወጣ በር ላይ አቆመችኝ።

"አባዬ፣ ዲል እናድርግ። ዛሬ ኤምባራስ ካደረግከኝ፣ ከዚህ በኋላ ካንተ ጋር የትም አልሄድም። ሲሪየስ ነኝ።"

"እኔ? መቼ አሳፍሬሽ አውቃለሁ?"

"የወላጆች ስብሰባ ላይ። አውቶቡስ ውስጥ። መዋኛው ጋ..."

"በቃ በቃ፣ ገባኝ።"

ሳቅኩ እንጂ ፈርቻለሁ። የምሯን ነበር። አብራኝ የምትወጣ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እናቷ በዚሁ ምክንያት ካቆመች ቆየች።

ስለዚህ ጨዋ ሆንኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንደ ሚኒስትር እየተንጎራደድኩ ጎበኘሁ። ስለ ሞተር ከእኔ ያነሰ የሚያውቅ ሰውዬ አጠገቤ ሲያወራ እንኳ አላረምኩትም! ምላሴን ነክሼ አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ አይስክሬም ልታመጣ ሄደች። እኔ ተመልካቹ የሚቆምበት ገመድ ጋ ቀረሁ። ሜዳው ላይ ትራክተሮች ተሰልፈው ተነሱ። ትንሽዬ ግራጫ ትራክተር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የሌሎቹ መንፏቀቅ ሳያንስ የእሳቸዋማ አሁን ሞተች፣ አሁን ሞተች ታሰኛለች። ሰዉ ደግሞ አይስክሬሙን እየላሰ ያያል!

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። እኛ ሰፈር መኪና ቀጥ ካለ "ግፉልኝ" ተብሎ አይለመንም። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ አላፊ አግዳሚው ይጨመራል፣ ሊስትሮው ሳጥኑን አስቀምጦ ይመጣል። ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲቸገሩ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ገመዱን ዘለልኩ። እሺ፣ በሥሩ ሾለክሁ።

"አይዞዎት አባቴ! መጣሁልዎት!"

በአማርኛ ነው የጮህኩት፤ ስቸኩል እንግሊዝኛው ጥሎኝ ይሄዳል። ከኋላ ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁ። ሽማግሌው ማን ነው ብለው ደንግጠው ሲዞሩ እግራቸው ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ረገጠው። ሜዳው ቁልቁለት ነው፤ ትራክተሯ ተለቀቀች። አንዱን አለፍን፣ ሌላውን አለፍን፣ ነጩን መስመር ከሁሉም ቀድመን ጥሰን ገባን! ሰዉ ጮኸ። እጄን አንስቼ አመሰገንኩ።

ዞር ስል ልጄ ሁለት አይስክሬም ይዛ ደርቃ ቆማለች።

"አባዬ... ውድድሩ እኮ የቀስታ ነው። መጨረሻ የገባ ነው የሚያሸንፈው።"

"ምን?"

"ሰውዬው ቻምፒዮን ነው! በማይክሮፎን ሲነገር አልሰማህም?"

ሽማግሌው ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ወረዱ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ የውድድሩ ዳኛም መጣና፣ ባለቤቱ እንደጠፋ በግ እኔን እያሳየ ሕዝቡን ጠየቀ፤ "ይሄ ሰውዬ የማን ነው?"

አለቀልኝ አልኩ። ልጄ ወደ ሰማይ አንጋጣ አይስክሬሟን ብትልስ ማንም አያውቃትም። እኔ ብሆን እንደሱ ነበር የማደርገው።

"የእኔ ነው" አለች። "አባቴ ነው።" ከዚያ ሳቋ አመለጣት። እስክታለቅስ ሳቀች። ሽማግሌውም እሷን አይተው ሳቁ።

ዳኛው ውድድሩ ይደገም አለ፤ ግን እኔን የሚይዝ ሰው ካለ ብቻ። ልጄ አይስክሬሙን ሰጠችኝና እጄን ያዘች። ትራክተሯ በሳለች ቁጥር እግሬ ሊነሳ ሲል ጨመቅ ታደርገኛለች። ሽማግሌው እየተንፏቀቁ ከሁሉም ኋላ ገቡ፤ አሸነፉ።

ውድድሩ አለቀ፣ ሰዉ ተበተነ፣ እሷ ግን እጄን አልለቀቀችም።

"በሚቀጥለው ዓመትም እንምጣ" አለችኝ። "ያኔ ግን አንተን የምናስርበት ገመድ ይዘን ነው።"

እስከ ባቡሩ ድረስ፣ ባቡሩም ውስጥ፣ እጄ በእጇ ነበር። ውሸት ካላችሁ ሂዱና ጠይቁ። የትራክተሩን ነገር ሽማግሌው ይነግሯችኋል፤ ዳኛውም መቼም አይረሳኝም። የእጁን ነገር ግን እሷን እንዳትጠይቋት፣ ትክዳለች። ባቡሩ ላይ ፊት ለፊታችን የተቀመጡትን ባለ ውሻ ሴትዮ ፈልጋችሁ ጠይቁ። ሴትዮዋ ዝም ካሉ ውሻው አይቷል።